ስልክ ካልበራ የማትጎርስ ልጅ፦ የአንድ ቤት የጉዳይ ጥናት

ቅዳሜ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ልጄ እራቷን ስትበላ ጉርሻዋን ቆጠርኩ። አሥራ ዘጠኝ ሆነ። ከ1 ሰዓት ከ40 ተጀምሮ 2 ሰዓት ከ35 ላይ አለቀ፤ 55 ደቂቃ ማለት ነው። ስልኩ የውኃ ብርጭቆ ተደግፎ ፊቷ ቆሟል። ላሟ፣ በጉና ዳክዬው እየተፈራረቁ ይዘፍናሉ። ባለቤቴ ፍትፍቱን በጣቷ ጫፍ ጠቅልላ ስታቀርብላት ልጅቱ ዓይኗን ከስልኩ ሳትነቅል አፏን ትከፍታለች። እስከ ስድስተኛው ጉርሻ እንዲህ ነበር። ከሰባተኛው ወዲህ ግን አፏን በራሷ ፈቃድ የከፈተችበት አንድም ጊዜ አልነበረም። ወይ ስልኩ ቀጥ ይልና "ጉረሺና ይቀጥላል" ትባላለች፣ ወይ አውራ ጣት ከንፈሯን ፈልቀቅ ያደርገዋል፣ ወይ እማማ ከሶፋው ላይ ሆነው "በሞቴ!" ይላሉ።

ሥራዬ የሒሳብ ምርመራ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ደረሰኝ ሳገላብጥ እውላለሁና ቤት ስገባ ደግሞ መቁጠር አልወድም። የዚያን ቀን ግን ደብተር ይዤ ተቀምጬ ነበር፤ በገጹ ግርጌም "ስድስቱ የእሷ፣ አሥራ ሦስቱ የእኛ" ብዬ ጻፍኩ። ከዚህ በታች ያለው የእነዚያ አሥራ ሦስት ጉርሻዎች ታሪክ ነው።

ቤቱና ሰዎቹ

የምንኖረው ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጅቱ የተወለደችው በጥቅምት 2015 ነው፤ ጉዳዩ ሲጀመር ሁለት ዓመት ከሦስት ወሯ ነበር። አምስት ዓመት የሆነውና መዋዕለ ሕፃናት የሚማር ወንድም አላት። ባለቤቴ ሰንጋ ተራ አካባቢ ባንክ ውስጥ ትሠራለች። ጠዋት 1 ሰዓት ሳይሆን ወጥታ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ትመለሳለች፤ መንገዱ ከተዘጋጋ ደግሞ 2 ሰዓትም ይሆናል። ቤት የምትውለው ሠራተኛችን ማታ ማታ ስምንተኛ ክፍል ትማራለች። በኅዳር ወር ደግሞ የባለቤቴ እናት ከደብረ ማርቆስ መጡ፤ እኔም ልጆቹም እማማ እንላቸዋለን።

ልጅቱ ስትወለድ 3 ኪሎ ከ100 ነበረች። ባለቤቴ የወሊድ ፈቃዷን የወሰደችው በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነው፤ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ። ለአባት 3 ቀን ይሰጣል። (ሦስቱን ቀን ያሳለፍኩት ከካርድ ክፍል ወደ ፋርማሲ፣ ከፋርማሲ ወደ ካርድ ክፍል ስመላለስ ነው።) ሐኪም ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይላል፣ ሕግ ደግሞ ከወለደች ሦስት ወር ያደረሰችውን እናት ሥራ ግቢ ይላል። በመካከሉ ያለውን የሦስት ወር ቀዳዳ እንደ ብዙ ቤት እኛም በጡጦ ደፈንነው። ይህን የማነሣው ጡጦው ኋላ ስለሚመለስ ነው።

ስልኩ የመጣው ልጅቱ ዓመት ከአራት ወር ሲሆናት ነው። ያን ሰሞን ጉንፋን ይዟት ሦስት ቀን ምግብ አልቀምስ አለች። በአራተኛው ቀን ሠራተኛዋ በስልኳ ዘፈን ከፈተችላት፤ ልጅቱ ፈዝዛ ስትመለከት አንድ ሳህን ገንፎ ገባላት። ማታ ስንመጣ ወሬው እንደ ድል ተነገረን። እኔም ተደስቻለሁ፣ አልዋሽም። ከዚያ ወዲያ ምሳውም እራቱም በስልክ ሆነ። ባትሪ ካለቀ ምግብ የለም፣ ኔትወርክ ከጠፋም ምግብ የለም። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ የሁላችንም ስልክ ሲዘጋ፣ ከሦስተኛ ፎቅ ጎረቤት ስልክ ተውሰን እራት አብልተናል።

የከሸፈው ሙከራ

የመጀመሪያው ሙከራ የእኔ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። የጥምቀት ማግስት፣ ሰኞ ጥር 12፣ "ከዛሬ ጀምሮ በምግብ ሰዓት ስልክ የለም" ብዬ አወጅኩና ቢሮዬ ሄድኩ። አዋጁን የሚያስፈጽሙት እማማና ሠራተኛዋ መሆናቸው ትዝም አላለኝ። ዓለም አቀፉ የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያሉ ልጆች ስክሪን ፊት የሚቀመጡበት ጊዜ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያም ባነሰ ቁጥር የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። ይህችን ይዤ ነበር የተነሣሁት። የእኛ ልጅ በምሳና በእራት ብቻ ወደ ሁለት ሰዓት ትጠጋ ነበርና መረጃው ትክክል ነው። መረጃ ይዞ ማወጅ ግን ቤት አያስተዳድርም።

ልጅቱ አራት ቀን ጮኸች። በሁለተኛው ቀን የጎን ጎረቤታችን ደኅና መሆናችንን ለማየት በር አንኳኩ። በሦስተኛው ቀን እማማ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ። "እኔ ስንቱን ልጅ አሳድጌያለሁ፤ ሕፃን እያየሁ ስትራብብኝ ግን አይቼ አላውቅም" አሉ። እርሳቸውን ተቆጥቼ መናገር የማልችለው ነገር ነው፤ እርሳቸውም ይህን ያውቃሉ። ዓርብ ዕለት ከሥራ ስመለስ ልጅቱ ሶፋው ላይ ተዘርግታ፣ ስልኩ ትራስ ላይ ቆሞ፣ ሠራተኛዋ ጎን ለጎን ተቀምጣ ታጎርሳታለች። ሦስቱም አዩኝ። ማንም ምንም አላለም። እኔም ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።

በኋላ እንደገባኝ ጥፋቱ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ከሚያበሉት ሰዎች ጋር ሳልመክር መወሰኔ። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ስልኩን ማንሣት ብቻ እንጂ ስልኩ ምን እየሸፈነ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ደብተሩ

በመሥሪያ ቤት አንድ ሒሳብ አልገጥም ሲል ሰው ከመጠየቅ በፊት ደረሰኝ ይሰበሰባል። ለሠራተኛዋ ባለ 50 ቅጠል ደብተር ሰጠኋትና "ማንንም ሳትከለክዪ፣ ማንንም ሳትቆጪ፣ በልጅቱ አፍ የገባውን ሁሉ ከነሰዓቱ ጻፊልኝ" አልኳት። ጡጦው ላይ መስመር ስላለው ወተቱን መለካት ቀላል ነበር። ሰኞና ማክሰኞን እሷ ጻፈች (ለትምህርት ከወጣች በኋላ ያለውን ከእኛ ጠይቃ)፣ ቅዳሜን እኔ። የሰኞ ጥር 19 ገጽ ቃል በቃል እንዲህ ይላል።

"ጠዋት 1፡10 ጡጦ 240። 2፡30 ብስኩት 3 በሻይ፣ እማማ። 3፡40 ሙዝ ግማሽ፣ እኔ። 4፡30 አጥሚት ትንሽ ኩባያ፣ እማማ። 6፡15 ምሳ ፓስታ 6 ማንኪያ በስልክ። 7፡00 ጡጦ 240 ተኛች። 9፡30 ዳቦ በሻይ፣ እማማ። 10፡15 ፈንዲሻና ከረሜላ፣ ጎረቤት። 11፡00 ጡጦ 180። 12፡10 የወንድሟ ቺፕስ። 1፡40 እራት በስልክ። 2፡45 ጡጦ 200 ተኛች።"

አሥራ ሁለት ጊዜ። ነቅታ እያለች ምንም ሳትቀምስ የቆየችበት ረጅሙ ጊዜ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። ወተቱ ሲደመር 860 ሚሊ ሊትር መጣ። መቶ ሚሊ የላም ወተት ስልሳ ምናምን ካሎሪ አለው፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን የሚያስፈልገው ደግሞ ወደ አንድ ሺህ ገደማ ነው። ስለዚህ "አልበላ አለችን" የምንላት ልጅ ከቀን ጉልበቷ ግማሹን በጡጦ ጠጥታ፣ በቀረው ላይ ብስኩትና ቺፕስ ጨምራ፣ እራት ሰዓት ላይ ከእኛ ፊት ትቀመጣለች። ስድስት ጉርሻ መብላቷ ራሱ ሊያስመሰግናት ይገባ ነበር።

እዚህ ላይ ማንም ጥፋተኛ አልነበረም። እማማ ስለ ጡጦው እንጂ ስለ ሙዙ አያውቁም። ሠራተኛዋ ጎረቤት የሰጣትን አታይም። ባለቤቴ ማታ ስትመጣ "ምሳ ምን በላች?" ብላ ትጠይቃለች፤ መልሱ ሁልጊዜ "ስድስት ማንኪያ" ነው፤ ስለ ጡጦው ማን ይጠይቃል? ወተት እኮ በእኛ ቤት ምግብ አይባልም፤ ይጠጣል እንጂ። እናም እናትየው በስድስት ማንኪያ ልቧ ተሰብሮ እራቱን ልታካክስበት ትቀመጣለች። ሁላችንም ሒሳቡን የያዝነው በየግላችን ነበር።

ስለ አንዲት ቃል

በዚያ ቅዳሜ ማታ፣ ጉርሻ ስቆጥር፣ ጆሮዬ ሌላ ነገርም ያዘ። ማንም "ብዪ" አላለም። የተባለው ሁሉ "ብይልኝ" ነው። በልታ ስትጨርስም "በላች" አይባልም፣ "በላችልኝ" ይባላል። እምቢ ስትል ደግሞ "አልበላ አለችኝ"። ልጅቱ የምትበላው ለራሷ ሆድ ሳይሆን ለእናቷ፣ ለአያቷ፣ ለሠራተኛዋ ነው፤ ሳትበላ ስትቀርም የተራበችው እሷ ሳትሆን የተበደልነው እኛ ነን።

ለእንግዳ ይህ ቋንቋ ውብ ነው። "በሞቴ"፣ "አፈር ስሆን"፣ "አንዲት ብቻ" የማይባልበት ገበታ ገበታ አይመስለንም። ትልቅ ሰው ግን የጨዋታውን ሕግ ያውቃል፤ አንዴ እምቢ ይላል፣ ሁለቴ ይግደረደራል፣ ሦስተኛውን ይቀበላል፣ የምሩን ሲጠግብም እጁን ይታጠባል። የሁለት ዓመት ልጅ እጇን ታጥባ አትነሣም። ያላት መሣሪያ ጭንቅላቷን ማዞርና ከንፈሯን መግጠም ነው። ስልኩ የሠራው ሥራ ያንን መሣሪያ መንጠቅ ነበር። ጉርሻ ይቅር የምል ሰው አይደለሁም፤ ጉርሻ መልስ የሚጠብቅ ጥያቄ እንደሆነ ግን ረስተነው ነበር።

እሑድ ጥር 25 ከሦስተኛው ቡና በኋላ ደብተሩን ጮክ ብዬ አነበብኩ። ሰው ለይቼ ላለመውቀስ "እማማ"፣ "ጎረቤት" የሚሉትን ስሞች እየዘለልኩ ነው ያነበብኩት። እማማ ሲኒያቸውን እንደያዙ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያም "ታዲያ ይህቺ ልጅ መቼ ነው የሚርባት?" አሉ።

ቤቱ ጸጥ አለ። አሜሪካዊቷ የሥነ ምግብ ባለሙያ ኤሊን ሳተር ከ1980ዎቹ ጀምሮ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ስታስተምረው የኖረችው ነገር አለ፤ ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ የሚወስነው ወላጅ ነው፣ መብላትና አለመብላቱን፣ ምን ያህል እንደሚበላም የሚወስነው ልጁ ነው። ይህን ከዚያ በፊት አንብቤዋለሁ፣ ለባለቤቴም ልኬላታለሁ፤ አንድ ጉርሻ እንኳ አልቀነሰም። የእማማ ጥያቄ ግን ሥራውን ጀመረ። ልብ ላለው ደግሞ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ "መቼ" የእኛ ነው፣ መራብ የእሷ።

ጤና ጣቢያ

ከምንም በፊት ግን መመዘን ነበረባት። ክብደቷ 11 ኪሎ ከ200 ሆነ። በዚያ ዕድሜ ካሉ ሴት ልጆች መካከለኛው 12 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ዝቅ ያለ ነው፤ አሳሳቢ ግን አይደለም። የክንዷ ዙሪያ 14 ሴንቲ ሜትር ከ6 መጣ። ያቺ በሦስት ቀለም የተሠራች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መለኪያ ከ12.5 በላይ ያለውን አረንጓዴ ላይ ታሳርፈዋለች። ነርሷ የዕድገት ካርዷን አይታ አንድ ነገር አስረዳችን፤ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት የተወለደበትን ክብደት ሦስት እጥፍ ያደርሳል፣ በሁለተኛው ዓመት ግን የሚጨምረው ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ብቻ ነው። ዕድገቱ ሲረግብ የምግብ ፍላጎቱም ይረግባል። እኛ ይህንን መርገብ በሽታ ብለነው ነበር።

የደም ምርመራው ግን አልተመቸንም። ሄሞግሎቢኗ 10.6 ሆነ። ለዚህ ዕድሜ ከ11 በታች የደም ማነስ ይባላል፤ አዲስ አበባን በመሰለ ደጋ ላይ ደግሞ የሰው ደም ከፍታውን ለመቋቋም ስለሚበዛ፣ ቁጥሩ ሲስተካከል ከዚያም ዝቅ ይላል። ሐኪሙ ወተቱንና ሻዩን ሲሰማ አልገረመውም። የላም ወተት ብረት የለውም ማለት ይቻላል፤ ሆድ ሞልቶ ብረት ላለው ምግብ ቦታ ያሳጣል፤ ሻይ ደግሞ ከምግቡ የተገኘውን ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያውካል። ብረት ሲያንስም ልጅ የምግብ ፍላጎት ያጣል። ስለዚህ ወተቱ ምግብ ያስጠላል፣ ምግብ ማጣቱ ደም ያሳንሳል፣ የደም ማነሱ መልሶ ምግብ ያስጠላል፤ እኛም ምግብ ስላስጠላት ተጨማሪ ወተት እንሰጣለን። ክቡን የሚያሽከረክረው የእኛው ደግነት ነበር።

የሦስት ወር የብረት ሽሮፕ ታዘዘላት። ስድስት ወር እየጠበቀ የሚሰጠው የሆድ ትላትል መድኃኒት ስላመለጣት ወሰደች። የስልኩን ነገር ስንነግራት ነርሷ ብዙም አልደነገጠች፤ ደብተሩ ላይ "ፈንዲሻ" የሚለውን ስታይ ነው ቀና ያለችው። ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ፈንዲሻ፣ ሙሉ ለውዝና ቆሎ ትንፋሽ መንገድ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ያውም ስልክ እያየ ለሚስቅ ልጅ። እኛ ስድስት ማንኪያ ስንቆጥር የሚያስፈራው ሌላ ቦታ ተቀምጦ ነበር።

ሽሮፑ ሰገራ እንደሚያጠቁር ሐኪሙ ነግሮኛል፤ እኔ ለእማማ መናገር ረሳሁ። በሦስተኛው ቀን ቢሮ ውስጥ ስብሰባ ላይ እያለሁ ስልኬ ጮኸ። እማማ ናቸው፤ በሕይወታቸው በቀን ደውለውልኝ አያውቁም። "ልጄ፣ የልጅቱ ነገር እንደ ጥላሸት ሆኗል፤ ቶሎ ና" አሉኝ።

ሁለተኛው ሙከራ

ከየካቲት 1 ጀምሮ የሆነው ይህ ነው። ጡጦው ተነሣ፤ ወተት በኩባያ፣ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ፣ በድምሩ 400 ሚሊ። ሻይ ለትልልቆች ብቻ። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ በመካከል ሁለት መክሰስ፤ በእነዚህ መካከል ውኃ እንጂ ሌላ የለም። ለጎረቤቶቻችን እማማ ራሳቸው ሄደው "ልጃችን መድኃኒት ላይ ነችና ምንም እንዳትሰጡብን" አሉ። ውሸትም አይደለም። እኔ ሄጄ ስለ መክሰስ ሰዓት ባስረዳ ኖሮ ኩራተኛ እባል ነበር።

ምግብ ሲቀርብ የሁሉም ሰው ስልክ ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል፤ የእኔም ጭምር። ልጅቱ የራሷ ሳህን ይቀርብላታል፣ በእጇ ትበላለች። ጉርሻ አልተከለከለም፤ ፊቷን ካዞረች ግን የያዝከው ጉርሻ ወደ ራስህ አፍ ይሄዳል። ይህን ሕግ ያወጣችው ሠራተኛዋ ናት።

የመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ ስልኩን ጠየቀች፣ ሃያ ደቂቃ አለቀሰች፣ አራት ጉርሻ በላችና ወረደች። እማማ ላለማየት ወደ ኮሪደሩ ወጥተው ቆሙ። በሁለተኛው ቀን እራት ላይ ሁለት ብቻ በልታ ተኛችና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በረሃብ ነቃች። ባለቤቴ "እስኪነጋ ውኃ ይበቃታል" አለች፤ ተነሥቼ አንድ ኩባያ ወተት ያሞቅሁት እኔ ነኝ። በደብተሩ ላይ ያለው የመጀመሪያው ጥሰት በእኔ ስም ተመዝግቧል፤ የጻፈችውም ባለቤቴ ናት። በአራተኛው ቀን ግን ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ልጅቱ ማዕድ ቤት ገብታ የሠራተኛዋን ቀሚስ ጎተተችና "ራበኝ" አለች። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሊሞላት ሲል፣ ከአፏ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማነው ቃል ነው። ከዚያ በፊት መቼ ብላው? የሚርብ ጊዜ አልሰጠናትም።

ያልጠበቅነው ችግር የእራት ሰዓት ነበር። ልጅቱ 12 ሰዓት ላይ ይርባታል፣ እናቷ ደግሞ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው የምትደርሰው። ለአንድ ሳምንት ያህል እናቷን አስጠበቅናት፤ ባለቤቴ ስትገባ ልጅቱ ከድካም የተነሣ ሳህኑን የምትገፋ፣ ወለል ላይ የምትንከባለል ሆነች። እራቱ ወደ 12 ሰዓት መምጣት እንዳለበት ግልጽ ነበር፤ ማንም ግን አፉን ሞልቶ አልተናገረውም። ያቺ 55 ደቂቃ፣ ስልክም ዘፈንም የበዛባት፣ ለባለቤቴ ከልጇ ጋር የምትገናኝባት ብቸኛ ሰዓቷ ነበረች። ቀኑን ሙሉ ሌላ ሰው ያበላትን ልጅ በገዛ እጇ የምታበላበት። ያንን ሰዓት እንደ ስህተት ቆጥሬ ደብተር ላይ "55 ደቂቃ" ብዬ ስጽፍ ይህ አልታየኝም ነበር። በመጨረሻ ራሷ ናት "በ12 ሰዓት ትብላ" ያለችው። ሳህን እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ።

ሁዳዴ

የካቲት 17 ሁዳዴ ገባ። ሃምሳ አምስት ቀን ቤቱ የጾም ገበታ ሊሆን ነው፤ ልጆቹ ደግሞ አይጾሙም። አንድ ገበታ ላይ አንድ ዓይነት ምግብ ብለን የጀመርነው ነገር የሚፈርስ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም ጠቀመን። አልጫ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን በየቀኑ ገበታው ላይ አለ፤ ምስርና ሽንብራ ብረት አላቸው፣ ቲማቲምና ሎሚ ደግሞ ያ ብረት ወደ ደም እንዲገባ ያግዛሉ። ለልጆቹ እንቁላል ለብቻ ይቀቀላል።

እማማ እስከ 9 ሰዓት አይቀምሱም። ልጅቱ ከእንቅልፏ የምትነቃው በዚያው ገደማ ነው። እርሳቸው ጸሎታቸውን አድርሰው ትሪያቸው ሲቀርብ ጭናቸው ላይ ትወጣለች። ማንም አይጠራትም፣ ማንም "ብይልኝ" አይላትም፤ ከእርሳቸው በኩል ያለውን እንጀራ ቆርሳ በምስሩ ታጠቅሳለች። እማማ በተራቡ ጊዜ የሚበሉበትን ፍጥነት እያየች እሷም ትፈጥናለች። ጎመንን አሥር ጊዜ ያህል ተፍታዋለች፤ በመጋቢት መጨረሻ አንድ ቀን ዋጠችው፤ እማማም እንዳላዩ ሆነው ቀጠሉ። እንዳላየ መሆን ለእርሳቸው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ደግሞ ልጅቱ ከእንቁላሏ ቆርሳ ወደ አያቷ አፍ አስጠጋች። እማማ ፊታቸውን ወደ ግራ አዞሩ። ተከትላ ሄደች። ወደ ቀኝ አዞሩ፤ ከንፈራቸውን ግጥም አድርገው። ልጅቱ ሁለት እግሯ ላይ ቆማ፣ በአንድ እጇ አገጫቸውን ይዛ "ብይልኝ፣ በሞቴ!" አለች። እማማ ሳቃቸውን ለቀው ቢስቁ እንቁላሉ ሊገባ ሆነ፤ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ከወንበሩ ተነሥተው ሄዱ።

ከፋሲካ በኋላ

ሚያዝያ 12 ጾሙ ተፈታ፤ ከፋሲካ ሁለት ሳምንት በኋላ እማማ ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለሱ። በግንቦት ሲመዝኗት 11 ኪሎ ከ900 ሆነች፤ ሄሞግሎቢኗ 11.8። ክብደቷ አሁንም ከመካከለኛው በታች ነው፤ እናቷም በዚያ ዕድሜ ቀጭን እንደነበረች እማማ ከመሄዳቸው በፊት ነግረውናል። ይህን ቀድመው ቢነግሩን ኖሮ ብዬ አስቤያለሁ፤ ቢነግሩን ግን አንሰማም ነበር። እራቷ አሁን ሃያ ደቂቃ ቢወስድ ነው። አንዳንድ ቀን ሦስት ጉርሻ በልታ "በቃኝ" ትላለች፣ በማግስቱ የወንድሟን ድርሻ ትጨርሳለች።

ስልክ ከቤታችን አልጠፋም። ጤና ጣቢያ ወረፋ ስንጠብቅ ይበራል፣ ረጅም መንገድ ላይ ይበራል። ዘመድ ቤት ስንሄድ ሌላው ሁሉ ልጅ ስልክ ይዞ እየበላ የእኛን ልጅ ብቻ መከልከል አልሆነልንም፤ ተውነው። ያላሰብነው ጉዳት የደረሰው በወንድሟ ላይ ነው። ድሮ ከጎኗ ሆኖ በነጻ ያይ ነበር፤ አሁን እሷ ስትተወው እሱ "የእኔስ?" ይላል። ለእሱ ገና ደብተር አልተከፈተም።

እማማ ከሄዱ ወዲህ የእራቱ ሰዓት የእኔ ሆኗል። ሠራተኛዋ 12 ሰዓት ሳይሞላ ለትምህርቷ ትወጣለች፤ ስለዚህ እኔ ከቢሮ 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ቦርሳዬን አንሥቼ መውጣት አለብኝ። በሥራ ዓለሜ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን አድርጌ አላውቅም፤ አለቃዬ በመጀመሪያው ሳምንት "ቤት የታመመ አለ?" ብለው ጠየቁኝ። ከተለወጠው ሁሉ የከበደው ይህ ነው፤ ሐኪምም ነርስም አላዘዘውም።

ባለቤቴ ስትገባ ልጅቱ በልታ፣ ታጥባ፣ የሌሊት ልብሷን ለብሳ ትጠብቃታለች። ከፋሲካ ወዲህ ብርቱካን ይዛ መምጣት ለምዳለች። ጫማዋን አውልቃ ወለሉ ላይ ትቀመጣለች፣ ልጣጩን ሳይቆረጥ እንደ ገመድ አርዝማ ትልጣለች፣ ልጅቱ ልጣጩን አንገቷ ላይ ትጠመጥማለች። አንድ ፍልቃቂ ለእሷ፣ አንድ ፍልቃቂ ለእናቷ። ትናንት ማታ አራት በልታ አምስተኛውን መለሰችላት፤ ባለቤቴም ራሷ በላችው። ባለቤቴ የምትቆጥር አይመስለኝም። እኔ ነኝ የቆጠርኩት።